ያልቀዳሁት መልስ

እኔ እኮ ሰው «ጂን አየሁ» ሲለኝ «ስኳርህን ተለክተህ ታውቃለህ?» ብዬ የምጠይቅ ሴት ነኝ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ሰው ወደዚህ ዓለም በሚገባበት፣ አንዳንዴም በሚወጣበት ክፍል ውስጥ ነው፣ እና እመኑኝ አንድም ቀን ሳይነኩት የተከፈተ በር፣ ሳያጠፉት የጠፋ አምፖል አይቼ አላውቅም፣ በሩ ከተከፈተ ንፋስ ነው፣ አምፖሉ ከጠፋ መብራት ሄዶ ነው። ተረኛ ነርሶች ተሰብስበው ስለ ሟች ድምፅና ስለ ኮሪደር ጥላ ሲያወሩ መሀል ገብቼ ወሬያቸውን በሳቅ የማበላሸው እኔ ነበርኩ፣ አንዷማ «አንቺ ባለሽበት ጋኔኑም ያፍራል» ብላኛለች። ይህን ሁሉ የምለው አሁን የማወራችሁን ስትሰሙ «ይቺ ሴትዮ ድሮም እንዲህ ያለ ወሬ ትወዳለች» እንዳትሉኝ ነው። አልወድም። ያንን ከሰዓት ግን የት ላድርገው?

ሀርጌሳ የመጣሁት ለማስተማር ነው። አንድ የግል የጤና ኮሌጅ አዋላጅነት የሚያስተምር ሰው ፈልጎ፣ በሰው በሰው ተጠያይቀን፣ ከኮምቦልቻ ሻንጣዬን ይዤ መጣሁ፣ «አንድ ዓመት ብቻ» ብዬ የመጣሁት ሴትዮ ይኸው ዛሬም እዚሁ ነኝ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ተማሪዎቹ እርስ በርስ የሚረዳዱት በሶማሊኛ ነው፣ ከኋላ ወንበር ደግሞ የኛ ልጆች አሉ፣ ቀን በሰው ቤትና በሱቅ የሚሠሩ፣ ሲመሽ ደብተር ይዘው የሚመጡ ሐበሾች። እንግሊዝኛው ይከብዳቸዋል፣ ሶማሊኛቸው ደግሞ የወጥ ቤት ሶማሊኛ ነው፣ ውሃ አምጪ፣ ሩዙን አውጪ እስከሚለው ድረስ እንጂ ስለ እንግዴ ልጅ አያወራም፣ በዚያ ላይ ከንጋት ጀምሮ ሲያጥቡና ሲጠርጉ ስለሚውሉ እኔ ሰሌዳው ላይ ማህፀን ስስል እነሱ በተቀመጡበት ያንቀላፋሉ። አንድ ቀን ስቆጣቸው ዘነበች የምትባለው፣ የጎጃም ልጅ ናት፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ተቀጥራ እዚያው የምታድር፣ ዓይኗን መሬት ላይ ሰብራ «ሲስተር፣ ማንበቢያ ጊዜ የለንም እንጂ ጆሯችን እኮ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈት ነው» አለችኝ። ሁሉም ነገር የመጣው ከዚህች ቃል ነው።

እውነቷን ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ የየሳምንቱን ትምህርት በአማርኛ እያስረዳሁ በስልኬ መቅዳት ጀመርኩ፣ እነሱ በብሉቱዝ ወይም በሚሞሪ ካርድ ይቀባበሉታል፣ ካርድ ያላት ለሌላት ታዳርሳለች። አሰማማቸውን ብታዩ ትስቁ ነበር፣ ኤርፎኑን በሻሻቸው ስር አሳልፈው በአንድ ጆሮ ብቻ ይሰኩታል፣ ሌላው ጆሮ ለአሠሪዋ መሆን አለበት፣ ተጠርታ ሳትሰማ ከቀረች ጉድ ይፈላል። ስለዚህ አንዱ ጆሮ ኮሌጅ ይማራል፣ ሌላው ጆሮ ሥራ ላይ ነው፣ እጃቸው ደግሞ ሳሙና ውስጥ።

መቅዳቱም ቢሆን ቀላል አልነበረም። ሀርጌሳ ጸጥ የምትለው ከቀትር ሶላት በኋላ ነው፣ ያኔ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ባዶ ይሆናል፣ ፍየሎቹ እንኳ ጥላ ፈልገው ይተኛሉ። እኔም በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ድምፁ እንዳያስተጋባ ብዬ፣ ላቤ በአፍንጫዬ እየተንጠባጠበ ስለ ዳሌ አጥንት አወራለሁ። ጎረቤቴ አንድ ቀን በመስኮት አይታኝ በሽተኛ መስዬያት ሾርባ ሠርታ አምጥታልኛለች።

ዘዴዬ ግን ጥሩ ነበር፣ አሁንም ጥሩ ነበር እላለሁ። ዝም ብዬ ብለፈልፍ እንደማይሰሙኝ ስለማውቅ በየመሀሉ እጠይቃለሁ፣ «እሺ፣ የሕፃኑ ጭንቅላት ታየ፣ አሁን ምን ታደርጊያለሽ?» እላለሁ፣ ከዚያ ዝም እላለሁ። ረጅም ዝምታ ነው የምተወው፣ ምክንያቱም ማሰሮውን አስቀምጣ፣ አስባ፣ አሠሪዋ እንዳትሰማት በሹክሹክታ እስክትመልስ ጊዜ ትፈልጋለች። ከዝምታው በኋላ ትክክለኛውን መልስ እናገርና እቀጥላለሁ። ሌላ ነገር የለውም፣ ጥያቄ፣ ዝምታ፣ መልስ።

መጀመሪያ ነገሩን ያነሳችው ከድጃ ናት። ከድጃ ዋሄን ገበያ ውስጥ የዘመዷን የጨርቅ ሱቅ የምትጠብቅ የድሬዳዋ ልጅ ናት፣ ድሬዎች አንቱታ የሚባል ነገር እንደማያውቁ ታውቃላችሁ፣ መምህሯም ሆንኩ እናቷ ለሷ ያው ነኝ። «አንቺ ሲስተር» አለችኝ ከክፍል ስንወጣ፣ «ትናንት ስሳሳት ያረምሽኝ ነገር ሳቄን አመጣው፣ ወላሂ!»

«ትናንት መቼ ተገናኘን?»

«በኦዲዮው ነዋ! ሱቁን እየጠረግኩ ስሰማ ጠየቅሽኝ፣ ተሳስቼ መለስኩ፣ አይደለም ከድጃ፣ ደግመሽ አስቢ አልሽኝ። ደግሜ መለስኩ። ጎበዝ አልሽኝ።»

እኔ ሳቅኩ። ከድጃ ቀልደኛ ናት፣ ደንበኛ ፊት ጨርቅ እየዘረጋች ሰው የምታስቅ ልጅ ናት፣ እና አብሬያት ስስቅ ሄድን። በሌላ ሳምንት ግን ሌላዋ መጣች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ሁሉም እንደ ተራ ነገር ነው የሚያወሩት፣ አንዷ «ቀስ ብለሽ መልሺ ስላሉኝ አመሰግናለሁ» አለች፣ አንዷ ደግሞ ተቀይማኛለች፣ «ለሌሎቹ ጎበዝ ይላሉ፣ ለኔ ግን ዝም» ብላ። ለራሴ ማብራሪያ አላጣሁለትም፣ ደክሟቸዋል፣ እንቅልፍ ያሸልባቸዋል፣ ቀኑን ሙሉ ድምፄን ሲሰሙ የሚውሉ ልጆች ሳይኖር ቢሰሙት ምን ይገርማል? የከድጃን ስልክ ተቀብዬ እዚያው ፊቷ በድምፅ ማጉያው ከፈትኩት፣ ጥያቄ፣ ዝምታ፣ መልስ፣ ሌላ አንድም ቃል የለም። «አየሽ?» አልኳት። «እንዲህማ ቁጭ ብለሽ አይደለም» አለችኝ ትከሻዋን ነቅንቃ። ፈተና ሲመጣ ደግሞ እነዚያ የሚያንቀላፉት ልጆች ከክፍሉ አንደኛ ሆኑ፣ የኮሌጁ ዲን ጠርቶ አመሰገነኝ፣ በሶማሊኛም ይቀዳ አለ፣ እኔም ተደሰትኩና ነገሩን ረሳሁት።

አሁን ስለ ዘነበች እኅት ልንገራችሁ፣ የሁሉም ነገር ሥር እሷ ስለሆነች። እናኑ ትባላለች፣ ታላቋ ናት፣ ባሏ በግንባታ ቀን ሥራ የሚሠራ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ አያሃ ውስጥ በቆርቆሮ ቤት የሚኖሩ። የመጀመሪያ ልጇን አገር ቤት ስትወልድ ደም ፈስሷት ለጥቂት ነው የተረፈችው፣ ልጁም አልቆየም፣ እና አሁን ሁለተኛዋን አርግዛለች። ዘነበች አዋላጅነት ልማር ያለችው ለደመወዙ እንዳይመስላችሁ፣ በዚያች በእኅቷ ምክንያት ነው። አንድ ማታ ከክፍል በኋላ ቀርታ «ሲስተር፣ የደሙን ትምህርት መቼ ነው የሚቀዱት? እሷ ሳትወልድ ይድረስልኝ» አለችኝ። ሆስፒታል እንጂ ቤት እንዳትወልድ አደራ አልኳት፣ እሷም ባሏም እሺ ብለዋል አለች፣ ቢሆንም ፊቷ አላመነም። ስለዚህ ተራው ሳይደርስ ከሌላው አስቀድሜ ያንን ትምህርት ቀዳሁላት፣ ከወሊድ በኋላ ስለሚፈስ ደም። እዚያ ውስጥ ደጋግሜ ያልኩት አንድ ነገር ነው፣ ሰው ጥሪ፣ መኪና ይፈለግ፣ እጅሽ ሆዷ ላይ ይሁን፣ ማህፀኗን እሺ፣ ሆስፒታል እስክትደርሱ እጅሽን አታንሺ። እጅሽን አታንሺ። ስንት ጊዜ እንዳልኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ያ ቀን እንደማንኛውም ቀን ነበር። ቤት ውስጥ ውሃ አልቆ የውሃ ቦቴ ጠርቼ ስጠብቅ፣ ቦቴው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ጥሩምባውን ካልሰማሽው አልፎሽ ይሄዳል፣ እና በባልዲ በቀረችኝ ውሃ ያደረ ዕቃ ላጥብ ብዬ ጀመርኩ። እግረ መንገዴን ያንን ትምህርት ልስማው አልኩ፣ ለሶማሊኛው ቅጂ የሚስተካከል ነገር ካለ ልየው ብዬ። አንዱን ጆሮ ለቦቴው ትቼ ኤርፎኑን በአንድ ጆሮዬ ሰካሁ፣ እጄን ሳሙና ውስጥ ከተትኩ። አያችሁ፣ ሳላስበው ልክ እንደነሱ ሆንኩ። እስከዚያ ቀን እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

የራስን ድምፅ መስማት ደስ አይልም፣ እኔማ አፍንጫዬን የያዘኝ ነው የምመስለው። ይቀጥላል፣ እኔም ድስቱን እፈትጋለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ መጣ፣ ዝምታው መጣ። በዝምታው ውስጥ አንድ ነገር ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ቆርቆሮ ነው፣ ፀሐይ ሲመታው የሚጮኸው ዓይነት፣ ታውቁታላችሁ። የኔ ቤት ጣሪያ ግን ቆርቆሮ አይደለም፣ የቀዳሁትም ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ነው። መልሱን ተናገርኩ፣ ቀጠልኩ። ሁለተኛው ዝምታ ላይ ቆርቆሮው ጎልቶ መጣ፣ ከሱ ጋር ትንፋሽ አለ፣ የሰው ትንፋሽ፣ ከባድ ነገር ተሸክሞ የቆመ ሰው ትንፋሽ፣ ከርቀት ደግሞ የዶሮ ድምፅ። እጄ ድስቱ ላይ ቆመ። ለራሴ የአንዷ ልጅ ስልክ ተጠልፎ ይሆናል አልኩ፣ እስቲ አስቡት፣ ፋይል እኮ ነው የምሰማው፣ ምኑ ይጠለፋል!

ሦስተኛው ዝምታ ላይ ሕፃን አለቀሰ። ገና የተወለደ ሕፃን ልቅሶ በዚህ ዓለም ላይ ከኔ በላይ የሚለየው ሰው የለም፣ ያ የመጀመሪያው ልቅሶ ነው። ከዚያ ሹክሹክታ መጣ፣ ተማሪ ሲመልስ የሚያወጣው ዓይነት ሹክሹክታ፣ «እጄ ሆዷ ላይ ነው፣ ሲስተር፣ እያሸሁ ነው፣ አልቆመም። አልቆመም ሲስተር።»

የዘነበች ድምፅ ነው።

ከዚያ እኔ መለስኩላት። ማለት፣ በጆሮዬ ውስጥ ያለችው እኔ። ድምፁ የኔው ነው፣ ያው አፍንጫዋን የያዛት ሴትዮ፣ ግን እኔ በዚያ ዓይነት ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ቀስ ያለ፣ የሚያባብል፣ ልጅ የሚያስተኛ ሰው የሚናገረው። «በርቺ» አለቻት። ቆርቆሮው ጠቅ ጠቅ አለ። ከዚያ «በቃ፣ ዘነበች» አለች፣ «በቃ። አሁን እጅሽን አንሺ። እጇን ያዢላት።»

ጮህኩ! ወደ ባልዲው ጎንበስ እንዳልኩ፣ እጄ ሳሙና ውስጥ እንዳለ፣ ስልኬ መደርደሪያው ላይ ነው፣ እኔ የምጮኸው ወደ ውሃው ነው፣ «አታንሺ! ዘነበች አታንሺ! እሺው! ሰው ጥሪ! መኪና!» እያልኩ ጮህኩ፣ በጆሮዬ ውስጥ ያለችው ግን ቀስ ብላ ታባብላታለች፣ «እጇን ያዢላት፣ ብቻዋን አትሁን፣ እንደዚያ፣ ጎበዝ።» እኔ ስጮህ እሷ ድምፅዋን አላነሳችም። ሕፃኑ ያለቅሳል። እጄን ከውሃው አውጥቼ፣ ሳሙናውን በቀሚሴ ጠርጌ፣ ስልኩን አንስቼ ወደኋላ መለስኩት፣ ደግሜ አዳመጥኩ። ጥያቄ፣ ዝምታ፣ መልስ። «እጅሽን አታንሺ» የምለው የራሴ፣ የቀዳሁት ትምህርት። ዝምታው ንጹሕ ዝምታ ነው።

ዘነበች ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ ይጠራል። ከድጃ ጋ ደወልኩ፣ ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት መሰለኝ፣ «ዘነበች የት ናት?» ስላት «ጠዋት ከአሠሪዋ አስፈቅዳ አያሃ ሄደች፣ እኅቷን ትንሽ አሟት ነበር፣ ምን ሆንሽ ሲስተር? ድምፅሽ ምን ሆነ?» አለች። «መኪና ያለው ሰው ፈልጊ፣ እናኑ ጋ ላኪ» አልኳትና ጫማ በእጄ ይዤ ወጣሁ።

የከተማው ጸጥታ ያን ዕለት ጠላቴ ሆነ። ያ ለመቅጃ የምወደው ሰዓት። ባጃጆቹ በየጥላው ቆመዋል፣ ሾፌሮቹ ከውስጥ ተኝተዋል ወይም ጫታቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ገብተዋል፣ አንዱን በትከሻው ነቀነቅኩት፣ ዓይኑን ገልጦ እጁን አወዛወዘብኝ፣ ሌላውን ለመንኩት፣ በተሰባበረ ሶማሊኛ ሴት ልትሞት ነው አልኩት፣ አያሃ ስለው ራቀበት። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ታክሲ አቁሞ «ግቢ ልጄ» አለኝ፣ በመንገዱ ሁሉ ቢስሚላህ እያለ ነዳ፣ አቧራው ከኋላ ከኋላችን ይነሳል፣ እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያለ ቀርፋፋ መኪና አላየሁም። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እጄን በራሴ ሆድ ላይ አድርጌ ሳሽ ነበር የሄድኩት።

ስደርስ በር ላይ ሴቶች ቆመዋል፣ አያለቅሱም፣ እንደዚያ ሲቆሙ ደግሞ የነርስ ዓይን ያውቀዋል። ከድጃ የላከችው መኪና አልደረሰም፣ የእናኑ ባል ሥራ ላይ ነው፣ ምጡ በድንገት ነው የመጣው፣ ወደ ሆስፒታል የሚወስድ ሲፈለግ ሕፃኗ ቀድማ ተወለደች። ቤቱ ውስጥ ሙቀቱ ፊት ይመታል፣ ቆርቆሮው ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። አንዲት ጎረቤት ሕፃኗን ጠቅልላ ይዛለች፣ ጤነኛ፣ ቀይ፣ ጡጫዋን ጨብጣ። እናኑ ፍራሹ ላይ ናት። ዘነበች አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እጇን ይዛታለች፣ በሁለት እጇ፣ የኤርፎኑ ገመድ ከሻሿ ስር ወጥቶ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ቀና ብላ አየችኝ። አልደነገጠችም፣ «እርስዎ እንዴት አወቁ?» አላለችም።

«እንዳሉኝ አደረግሁ፣ ሲስተር» አለችኝ።

ተንበርክኬ የእናኑን ሆድ ዳሰስኩ። ማህፀኗ እንደ ሊጥ ልል ነበር። ትንፋሽ የለም፣ የልብ ምት የለም፣ ግን ሰውነቷ ገና ይሞቃል፣ እና እኔ ማሸት ጀመርኩ፣ ሁሉም ሰው ቆሞ እያየኝ፣ እንደሞተች እያወቅኩ አሸሁ፣ ሴቶቹ በክንዴ ይዘው እስኪያነሱኝ ድረስ። ዘነበች እጇን ያነሳችው የእናኑ ነፍስ ከወጣ በኋላ ነው ወይስ ሳይወጣ? ሳይወጣ ከሆነ፣ ትንሽ ብትቆይ፣ እኔ ብደርስ፣ መኪናው ቢመጣ? አላውቅም። ደሙን ሳየው ያን ሁሉ ደም የፈሰሳት ሴት የትም ብትሆን ትተርፋለች ብዬ አላስብም፣ ግን ከዚያም የባሰ ደም ፈስሷት የተረፈች በእጄ አልፋለች። ይህን አለማወቄ ነው እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ከቀብሩ በኋላ ኦዲዮዎቹን ሁሉ አጥፉ አልኳቸው፣ አዲስ እቀዳለሁ ብዬ። ያገኘኋቸው አጠፉ፣ ግን ከማን ለማን እንደተላለፈ ማን ያውቃል፣ በማላውቃቸው ቤቶች የማላውቃቸው ሴቶች ዕቃ እያጠቡ እኔን ይሰማሉ። ከድጃ አንድ ቀን ሱቁን እየጠረገች ልትሞክረው ቅጂዋን ከፍታ ነበር፣ ምንም የለም አለች፣ «ዝም ብለሽ ነው የምታስተምሪው፣ ወላሂ ናፈቅሽኝ» አለችኝ። እኔም ሞከርኩ፣ እጄን ሳሙና ውስጥ ከትቼ፣ አንዱን ጆሮ ክፍት ትቼ፣ ደግሜ ደጋግሜ። ምንም። ለዲኑ ኦዲዮ ማዘጋጀት አቆምኩ ስለው ምክንያቱን ጠየቀኝ፣ ጉሮሮዬን አሞኛል አልኩት።

ዘነበችን እውነቱን ልነግራት ስንት ጊዜ ተነስቼ ስንት ጊዜ እንደተቀመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሕፃኗን ታሳድጋለች፣ አሠሪዋ ደግ ሰው ሆና ከነልጅቷ ተቀበለቻት፣ የልጅቷ አባት ሲችል እየመጣ ያያታል። አንድ ከሰዓት ልጠይቃት ሄድኩ። ልጅቷን በጀርባዋ አዝላ ልብስ ታጥባለች፣ ሳሙናው እስከ ክርኗ ደርሷል። እንደምንም ጀመርኩ፣ «ዘነበች፣ ያን ቀን በጆሮሽ የሰማሽው...» ስል ገና አቋረጠችኝ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሲስተር» አለች፣ «እኔ ብቻዬን ብሆን እብድ ነበር የምሆነው። እርስዎ ከኔ ጋር ነበሩ።» ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ አይደለሁም ብላት እጅሽን ያነሳሽው ማን እንደሆነ በማይታወቅ ቃል ነው ማለቴ እኮ ነው። ፈራሁና የጀመርኩትን ተውኩት።

እሷ ግን ልብሱን እያሸች ትንሽ አሰበችና «አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለች። «መጨረሻው ላይ ሁለት ሆነው ነበር።»

«እንዴት ሁለት?»

«አንዷ ከቅርብ ነበረች፣ እዚህ ጆሮዬ ላይ። አንዷ ደግሞ ከሩቅ፣ ውሃ ውስጥ ሆኖ እንደሚጮህ ሰው። የምትለው አልሰማ አለኝ። ሁለቱም እርስዎ ነበሩ።» ልብሱን ጨመቀችው። «እኔ የቅርቧን ሰማሁ።»

ከዚህ በኋላ የተናገርኩትን በደንብ አላስታውስም፣ አለቀስኩ መሰለኝ፣ እሷ ናት ያባበለችኝ፣ በእርጥብ እጇ። ስረጋጋ የኤርፎኑን ገመድ አየሁት። ከሻሿ ስር ወጥቶ ወደ ኪሷ ይገባል፣ ልክ እንደዚያ ቀን።

«ዘነበች፣ አሁንም ትሰሚዋለሽ?»

«በየቀኑ» አለች፣ ቅር ሳይላት። «ልጅ ማሳደግ የት አውቄ! እርስዎ ባይነግሩኝ ምን ይውጠኝ ነበር?»

በጀርባዋ ያለችው ልጅ ጭንቅላቷን አዙራ በትልልቅ ዓይኖቿ አየችኝ። እጄን ዘረጋሁ፣ «ካርዱን ስጪኝ» አልኳት፣ «እባክሽ ዘነበች፣ አሁን ስጪኝ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ከኔ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች፣ አንዱን እጇን ወደ ኪሷ፣ ሌላውን ወደ ልጅቷ አደረገች። ፊቷ ላይ ሐዘኔታ ነው ያለው፣ ለታመመ ሰው የሚታዘነው ዓይነት።

«አልችልም ሲስተር» አለችኝ። «እርስዎው በጆሮዬ፣ ራሴ መጥቼ ብጠይቅሽ እንኳ እንዳትሰጪኝ ብለውኛል። ስለ ልጅቷ ገና የምነግርሽ አለ ብለውኛል።»